ቆማ ተለክታ፣ ተቀምጣ የምትውል

በልብስ ስፌት ሙያ «ልክ» የሚባለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም ይጠራል፤ አንደኛው ሜትሩ ከገላ ላይ የሚያሳየው የሰውነት ልክ ሲሆን ሁለተኛው ጨርቁ ተቆርጦና ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ የሚኖረው የልብስ ልክ ነው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ለባሿ ቆማ መታየት ትችል እንደሆነ እንጂ እንደልቧ መተንፈስ አይሆንላትም። ስለዚህ ቆራጩ በሁለቱ ልኮች መካከል ሆን ብሎ ልዩነት ይተዋል፤ ይህም «ትርፍ» ይባላል። ትርፍ ሲባል መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሌላ ነገር በሆነበት፣ እንደ ጉራጌ ባለ የነጋዴ አገር ቃሉ ለጨርቅም መዋሉ ፈገግ ያሰኛል። በማይለጠጥ ጨርቅ ለሚሰፋ ቀሚስ የተለመደው ዝቅተኛ ትርፍ በደረት ዙሪያ 5 ሴንቲሜትር፣ በወገብ 2.5፣ በዳሌ ደግሞ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። በሴቶች የዘወትር ልብስ ላይ «ምቾት ይቅደም» ወይም «ማማር ይቅደም» እየተባለ የሚነሣው ሙግት ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሲደርስ የእነዚህ ጥቂት ሴንቲሜትሮች ሙግት ሆኖ ይገኛል፤ ደንበኛዋ «ጠበብ ይበልልኝ» ስትል የምትጠይቀው ከትርፉ እንዲቀነስ ነው፣ ሰፊው «ኋላ ያስጨንቅሻል» ሲል የሚሟገተውም ለዚያው ትርፍ ነው።

ይህ ሙግት በወልቂጤና በቡታጅራ የራሱ መልክ አለው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ትገኛለች፤ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ቡታጅራ ደግሞ ወደ ሆሳዕና በሚያልፈው መንገድ ላይ፣ በዘቢዳር ተራራ ሥር፣ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀዘቅዝ ከጉመር ደጋ ጋቢዋን ተከናንባ በማለዳ የተነሣች ሴት ቀትር ላይ ወልቂጤ ስትደርስ ጋቢው ሸክም ይሆንባታል፤ ቁልቁል ወደ ጊቤ ሸለቆ ከቀጠለች ደግሞ ሹራቧንም ማውለቅ ትፈልጋለች። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት የአየር ጠባይ የምታልፍ ሴት የምትለብሰው ልብስ ከላዩ የሚደረብበትና የሚወልቅበት መሆን አለበት፤ እጅጌው በሹራብ ውስጥ ተጨማድዶ ክርን ላይ የሚቀር ከሆነ፣ ወይም ሹራቡ ሲወልቅ ከሥር ያለው ሸሚዝ ለብቻው የማይታይ ከሆነ፣ ልብሱ የሚያገለግለው ለግማሽ ቀን ብቻ ነው።

ትልቁ ጉድለት ግን ከአየሩም ከጨርቁም አስቀድሞ ከአለካኩ ይጀምራል። ሜትር የሚያዘው ሴትዮዋ ቀጥ ብላ፣ እጆቿን ወደ ታች ጥላ፣ ብዙውን ጊዜም ሆዷን ሳብ አድርጋ በቆመችበት ሰዓት ነው፤ ከሰፊው ቤት ከወጣች በኋላ ግን እንደዚያ ሆና የምትቆምበት ጊዜ እምብዛም አይገኝም። የባንክ ሠራተኛዋ ወንበር ላይ፣ ቅቤና ቆጮ የምትሸጠው ዱካ ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ መምህርቷ ሰሌዳ ላይ እጇን ዘርግታ ትጽፋለች፤ ሁሉም ማታ ቤት ሲገቡ ከምድጃ ፊት ይጎነበሳሉ። ሰው ሲቀመጥ ዳሌው ወደ ጎን ይሰፋል፣ የሆድ ሥጋ ወደ ፊት ይገፋል፣ የጉርዱ ፊት ወደ ላይ ይሸሻል፤ ቆሞ የተወሰደው ልክ ከዚህ ውስጥ አንዱንም አያውቅም። ስለዚህ የወገብና የዳሌ ልክ አንድ ጊዜ ቆማ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ተቀምጣ መወሰድ አለበት፤ ለዘወትር ልብስ የሚያዘውም የተቀመጠችበት ነው። ብዙ ሰፊዎች ይህን ጠንቅቀው እያወቁ አያደርጉትም፤ ምክንያቱም ልብሱ ሲሰጥ የሚመዘነው በመስታወት ፊት ነው፣ በመስታወት ፊት ደግሞ ማንም አይቀመጥም።

የቀድሞው ሰፊ ቀሚስ ይህን ችግር ያለ ሜትር ፈትቶት ነበር። እንሰት የሚፍቁ ሴቶች አሠራር ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው፤ መሬት ላይ ይቀመጡና ዘመም ብሎ በቆመው ጣውላ ላይ የእንሰቱን ልጥ አንድ እግራቸውን አንሥተው በተረከዛቸው ይይዙታል፣ ከዚያም ከቀርከሃ በተሠራው መፋቂያ ከላይ ወደ ታች እየሳቡ ይፍቁታል። ለዚህ አቀማመጥ ጠባብ ጉርድ የማይታሰብ ነው። ሰፊው ቀሚስ ግን በሁለቱ ጉልበቶች መካከል ተሰብስቦ የሚወርድ ብዙ ጨርቅ ስላለው እግር ሲነሣ ገላን አይገልጥም፣ ሥራንም አያግድም፤ መሸፈንና መንቀሳቀስን ከአንድ ምንጭ፣ ከጨርቁ ብዛት፣ ያገኛል። የዚያች ሴት ልጅ ከተማ ገብታ ቢሮ ስትቀጠር የምትለብሰው ጠባብ ጉርድ ግን ጨርቅ የቆጠበ ቅድ በመሆኑ እናቷ በጨርቅ ብዛት ያገኘችውን ልጇ በሰፊው ጥበብ ማግኘት ይኖርባታል።

ይህ ጥበብ በተግባር የሚፈተነው በሚኒባስ ደጃፍ ላይ ነው። የታችኛው ዙሪያው ጠባብ የሆነ ጉርድ የለበሰች ሴት ደረጃውን ለመውጣት ሁለት ምርጫ አላት፤ ወይ ጉርዱን በአንድ እጇ ወደ ላይ መሳብ፣ ወይ በጎን ዞራ እንደ ሕፃን ልጅ መውጣት። ባጃጅ ላይ ደግሞ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ መሻገር ስላለ ጭንቁ ይብሳል። መፍትሔው ከኋላ የሚከፈት ስንጥቅ ነው፤ ስንጥቁ ግን እንደ ቢላ ቁራጭ ባዶውን ከተተወ ለባሿ ቀኑን ሙሉ ቦርሳዋን ከኋላዋ ይዛ ትዞራለች። ሁለቱ ጠርዞች እንዲደራረቡ 5 ሴንቲሜትር ያህል እጥፋት ሲጨመርበት ስትራመድ ይከፈታል እንጂ አይገለጥም፤ ራሱ ላይ በሰያፍ የሚደረግ ጠንካራ ስፌት ደግሞ እንዳይተረተር ይጠብቀዋል። ይህ የአንድ መዳፍ ጨርቅና የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ሐሳብ ተዛብቶ የሚገኝበት ቦታ ብብት ነው። ብዙ ደንበኞች፣ አንዳንድ ሰፊዎችም ጭምር፣ እጅ እንደልብ እንዲነሣ የብብት ቅድ ወደ ታች ወርዶ መስፋት አለበት ብለው ያምናሉ፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የብብቱ ቅድ ዝቅ ሲል እጅጌው ከጎን አካል ጋር የሚገናኘው ከትከሻ መገጣጠሚያ ርቆ ስለሚሆን ክንድ በተነሣ ቁጥር የቀሚሱን ጎን በሙሉ ይዞ ይነሣል፣ የወገቡ መስመር ወደ ጎድን ይወጣል፣ ዘምዘማቱም ከጉልበት በላይ ይሸሻል። ቅዱ ከብብቱ ሥር በ2 ወይም በ3 ሴንቲሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ወደ ገላ ተጠግቶ ሲቆረጥ ግን እጅጌው ብቻውን ይንቀሳቀሳል፣ የቀረው አካል በቦታው ይቀመጣል። ሰፊው ይህን ለመፈተን ልዩ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ደንበኛዋ ልብሱን ለብሳ ሻሿን ከማጅራቷ ላይ እንደምታስር ሁለት እጇን ወደ ኋላ ብታነሣ ዘምዘማቱ ምን ያህል እንደሚነሣ ወዲያው ይታያል። ሁለት ጣት ያህል ቢነሣ ይቻላል፤ አንድ ስንዝር ከተነሣ ብብቱ ተበላሽቷል። ድሪያ፣ ማለትም በስስ ጨርቅ ከትከሻ እስከ እግር ሰፍቶ የሚወርደው ልብስ፣ የብብት ቅድ የሚባል ነገር ከነጭራሹ ስለሌለው ይህን ችግር ፈታው ሳይሆን ዘለለው ማለት ይቀላል፤ ሙቀት በበዛበት ቀን በሙስሊምም በክርስቲያንም ቤት እየተወደደ የመጣውም በከንቱ አይደለም።

ስለ ጨርቅ ሲነሣ ጥጥን ማመስገንና ፖሊስተርን መርገም የተለመደ ነው፤ መሠረቱም እውነት ነው። ጥጥ ከአየር ላይ የክብደቱን ከ7 እስከ 8 ከመቶ ያህል እርጥበት ይይዛል፤ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1941 በእንግሊዝ አገር የተገኘው ፖሊስተር ግን ግማሽ ከመቶ እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ ላብ ከገላና ከጨርቅ መካከል ታስሮ ይቀራል። ይሁን እንጂ በክረምት የቡታጅራ ዝናብ ልብስ አላደርቅ ሲል፣ ካውያ በሚያስፈልግበት ማለዳም መብራት ሲጠፋ፣ ታጥቦ የሚያድርና ሳይተኮስ የሚለበስ ልብስ ለሠራተኛ ሴት ቅንጦት አይደለም፤ ጥጥ ተጨማድዶ መታየቱም የምቾት ሌላ ገጽ ነው፣ ምክንያቱም በሰው ፊት መሸማቀቅም አይመችም። ሁለቱ የተቀላቀሉበት ጨርቅ ለዘወትር ልብስ የተሻለ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። ይቅር የማይባለው ስስ ሽፎንን በፖሊስተር ገበር መደረብ ነው፤ ገበር ማለት ከሥር የሚሰፋው ጨርቅ ሲሆን፣ ከላይ ፖሊስተር ከሥርም ፖሊስተር ማድረግ ሁለት ፌስታል ደራርቦ ከመልበስ አይለይም። ገበሩ ስስ ጥጥ ከሆነ ሽፎኑ ውበቱን እንደያዘ ገላው ያርፋል። ጥጥ ገበር ግን ከመቆረጡ በፊት ውኃ መነከር አለበት፤ አለዚያ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ በሜትር እስከ 5 ሴንቲሜትር ሊያጥርና የላዩን ጨርቅ ጎትቶ ሊያጨማድደው ይችላል። የአገር ባህል ቀሚስም ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም፤ አንገቱ ዙሪያ ያለው ጥበብ በሚያብረቀርቅ ክር ሲሠራ የክሩ ሻካራ ጀርባ ቆዳ ይፍቃል፣ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ለስላሳ ጨርቅ ከውስጥ ቢለበጥበት ግን ይህ ሁሉ አይኖርም።

በእነዚህ ከተሞች መልክ ማለት በዓይን ማማር ብቻ አይደለም፤ ጨዋነትም የመልክ አካል ነው። አባያም ይሁን ረጅም ቀሚስ፣ ሂጃብም ይሁን ነጠላ፣ ለባሿ ሰው ፊት የምትቆምበት ክብር በልብሱ ላይ ተሰፍቷል። ይህን የሚያጎድለው ብዙ ጊዜ የልብሱ ማጠር ወይም መርዘም ሳይሆን እጅ ነው፤ ጉርዱን ወደ ታች የሚጎትት፣ አንገቱን የሚሰበስብ፣ ነጠላውን ደጋግሞ የሚመልስ እጅ። ነጠላ ከጥጥ ቀሚስ ላይ ይይዛል፣ ከፖሊስተር ላይ ግን ይንሸራተታል፤ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነጠላዋን አሥር ጊዜ የምታስተካክል ሴት ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። አባያም ከጫማው ሶል 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ከፍ ብሎ ካልተዘመዘመ የክረምቱን ጭቃ ይጠርጋል፣ የባጃጅ በርም ይይዘዋል።

ኪስ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያዊት ሴት ለብዙ ዘመን ኪሷ መቀነቷ ነበር፤ በወገብ ላይ ደጋግሞ የሚጠመጠመው የጥጥ መታጠቂያ ገንዘብ በጫፉ ይቋጠርበታል፣ እንጨትና ውኃ በሚሸከሙበት ጊዜም ወገብን ደግፎ ይይዛል። መቀነት በላስቲክ ወገብ ሲተካ ደጋፊውም ቋጠሮውም አብረው ሄዱ፤ ገንዘቡ ጡት መያዣ ውስጥ ገባ፣ ስልክ የሚገባበት ግን አልተገኘም። የገበያ ሴቶች ባለ ዚፕ ኪስ ሽርጥ በማሰፋት የራሳቸውን መፍትሔ አበጅተዋል። በቀሚስ ላይ ኪስ ሲጠየቅ ግን ሰፊው «ቅርጹን ያበላሻል» ይላል፤ በከፊል እውነቱን ነው፣ ምክንያቱም በጎን ስፌት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ኪስ ስልክ ሲገባበት ጨርቁን ጎትቶ ዳሌ ላይ ያብጣል። የኪሱ ከረጢት ወደ ላይ ረዝሞ ከወገቡ ስፌት ጋር አብሮ ሲያዝ ግን ክብደቱ የሚንጠለጠለው ከወገብ ነው፣ ጎኑም ንጹሕ ሆኖ ይወርዳል። የልብስ ክብደት ጉዳይ ሌላ አገርም አከራክሯል፤ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ1881 ለንደን ውስጥ የተመሠረተውና ለሴቶች ምክንያታዊ አለባበስ ይሟገት የነበረው ማኅበር የሴት የውስጥ ልብስ ያለ ጫማ ከ7 ፓውንድ፣ ማለትም ከ3 ኪሎ ግራም ጥቂት ከፍ ከሚል ክብደት፣ እንዳይበልጥ ጠይቆ ነበር። የውስጥ ልብስ ብቻ ሦስት ኪሎ መሆኑ እንደ ልከኝነት የተቆጠረበት ዘመን ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ምክር ጊዜ ይፈልጋል፣ በዓል ሲቃረብ ደግሞ ሰፊ ጊዜ የለውም። ለመስከረም 17 መስቀልና ለአረፋ ከአዲስ አበባ የሚገቡ ልጆች ለእናቶቻቸው ከመርካቶ ወይም ከሽሮ ሜዳ ቀሚስ ይዘው ይመጣሉ፤ ልኩ የተገመተው ብዙውን ጊዜ ሻጯን እያዩ «እንደ አንቺ ናት» በማለት ነው። የመስቀል ዋዜማ ላይ ቀሚሱ ብብትና ዳሌ ላይ እምቢ ይላል፤ ሰፊው ሊለቀው ስፌቱን ሲገልጥ ውስጡ የቀረው ጨርቅ 1 ሴንቲሜትር እንኳ አይሞላም፣ ለገበያ የተሰፋ ልብስ ጨርቅ አያባክንምና። ያኔ ከቀሚሱ ነጠላ ጫፍ ላይ ጥበብ ያለበት ቁራጭ ይወሰድና በሁለቱ ጎኖች ከብብት እስከ ዳሌ ይገባል፤ ጥገና መሆኑን ያላወቀ ሰው አዲስ ዲዛይን ነው ብሎ ያልፋል። አንደኛው ጎን ከተዘጋ በኋላ፣ ሁለተኛው በመርፌ ቁልፍ ብቻ ተይዞ ሳለ፣ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ዱካውን ይስብና «እናቴ፣ እስቲ አረፍ ይበሉ» ይላል።