ሞርሳ በሦስት ጉልቻ

የዶማ እጀታ የሚያበጅ ሰው እንጨቱን በእግሩ ረግጦ ወይም በጉልበቱ አጣብቆ ነው የሚሠራው። አንዱ እጅ ይይዛል፣ ሌላው መጋዙን ይገፋል። መጋዙ ሲያመልጥ የሚያገኘው የያዘውን እጅ ወይም የረገጠውን እግር ነው፤ ባያገኝ እንኳ ቁርጡ ይጣመማል። ጥፋቱ የሚላከከው በሠሪው ላይ ቢሆንም፣ የጎደለው ሙያ ሳይሆን መያዣ ነው። በመካነ ሰላምና በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ በር፣ አልጋና የእርሻ መሣሪያ በቤቱ ለሚጠግን ሰው፣ ከቦታ ቦታ የሚነሳ፣ ሥራውን ጨብጦ የሚይዝ ሞርሳ የታሰረበት ባንኮ (የሥራ ጠረጴዛ) ከብዙ ውድ መሣሪያ አስቀድሞ የሚያስፈልግ ዕቃ ነው።

«አባቶቻችን ያለ ሞርሳ ኖረዋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ያለ መያዣ ግን አልሠሩም። ቀጥቃጭ የጋለውን ብረት በጉጠት ይዞ ነው መስፉ ላይ የሚያሳርፈው። ሞርሳ ስሙን ከጣሊያንኛ ቢወስድም፣ በሥራው የጉጠት ዘመድ ነው። ልዩነቱ ጉጠትን እጅ መጨበጥ ሲኖርበት፣ ሞርሳ አንዴ ከጠበቀ በራሱ ጨብጦ መቆየቱ ነው። መያዣ ማጣት የእኛ ብቻ አይደለም፤ እንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው የሎተስ ኤላን መኪና ንድፍ አውጪ ሮን ሂክማን፣ በ1961 እ.ኤ.አ. እንጨት ሲቆርጥ እንጨቱን ያስደገፈበትን ወንበር አብሮ በመጋዙ ምክንያት የሚታጠፍ የሥራ ጠረጴዛ ፈለሰፈ። በርካታ ኩባንያዎች አይሸጥም ብለው ቢመልሱትም፣ ብላክ ኤንድ ዴከር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማምረት ከጀመረ በኋላ በዓለም ዙሪያ ተሸጧል። ችግሩ የድሃ አገር ችግር ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ተንቀሳቃሽ መሆኑ ለምን ይበጃል? መካነ ሰላም ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በደጋው ክረምት ዝናቡ ሥራውን ከጣሪያ ሥር ያስገባዋል፣ በበጋ ብርሃኑ ያለው ግቢ ውስጥ ነው። ተከራይም በሰው ቤት ግድግዳና ወለል ላይ ቡሎን አይተክልም። «ቀላል ከሆነ ይወዛወዛል፣ ከባድ ከሆነ አይነሳም» የሚለው ጥያቄ ግን በርትቶ የሚያሳስብ ነው። መልሱ ምድጃው ላይ አለ። በሦስት ጉልቻ የተጣደ ድስት ወለሉ ቢጎረብጥም አይነቃነቅም፤ ባለ አራት እግር ጠረጴዛ ግን በአፈር ወለል ላይ አንድ እግሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ሦስት እግር ይበቃል። እግሮቹ ከደረቀ ባሕር ዛፍ ይሠራሉ፤ እርጥቡ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማልም። እግሮቹ ወደ ታች ተከፍተው ይቆማሉ፤ ሁለቱ በሞርሳው በኩል፣ አንዱ በኋላ። ሞረድ ሲገፋ ግፊቱን የኋላው እግር ይቀበለዋል። እግሮቹን ከታች በሚያያይዙት ጣውላዎች ላይ ድንጋይ ይጫናል። ክብደቱን የሚሰጠው ድንጋዩ ስለሆነ፣ ባንኮውን ለማንሳት ድንጋዩን ማውረድ ብቻ ነው፤ በደጋው ደግሞ ድንጋይ የትም አይታጣም።

ላዩ ወፍራም ጣውላ ይሁን። ባለ 4 ኢንች ሞርሳ በምስማር ሳይሆን፣ ከሥር ሰፊ ሮንዴላ ገብቶበት በቡሎን ይታሰራል። የማይንቀሳቀሰው መንጋጋ ከጣውላው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ካለ፣ ረጅም እንጨት ቁልቁል ቆሞ ይያዛል። የመንጋጋው ከፍታ ከሠሪው ክርን ጋር ቢስተካከል ወገብ አይጎብጥም። እንጨት ሲያዝ ጥርሱ እንዳይነክሰው በሁለቱም በኩል ቁራጭ ጣውላ ጣል ይደረጋል።

የዋጋው ነገርም ይነሳል። የሚገዛው ግን ሞርሳውና ጥቂት ቡሎን ነው፤ ሌላው ከአካባቢው ይገኛል። ሙቀጫን ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚዋዋሰው፣ ሞርሳም ለአንድ ቤት ብቻ መሆን የለበትም። ወፍራም ብረት ለማጉበጥና ለመቀጥቀጥ ግን አይሆንም፤ ያ የብረታ ብረት ቤት ሥራ ነው። ለቤት ሥራ ግን ይበቃል፦ እጀታው በሞርሳው ይታሰራል፣ እግር ከመጋዙ መንገድ ይወጣል፣ ሲይዝ የነበረው እጅም ሥራውን ይጀምራል።