«ጭንቅላት የለውም» ከመባሉ በፊት

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር በባሌ ደጋማ ቀበሌዎችም ሆነ በሮቤና በጎባ ከተሞች «ልጆቹን ምን ነካቸው?» የሚለው ጥያቄ ይነሳል። በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ከቁጥሩ ጀርባ የመጽሐፍ እጥረትን፣ የመምህራን ብቃትንና የትምህርት መቆራረጥን የመሳሰሉ በርካታ ምክንያቶች አሉ። በብዙ ቤት ግን ፍርዱ አጭር ነው፤ «ይህ ልጅ ለትምህርት አልተፈጠረም» ይባላል።

ይህ ቃል በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ዲንሾን በመሰለ፣ ኑሮ በገብስና በከብት ላይ በቆመበት ደጋ፣ ለሁሉም ልጅ ደብተርና ዩኒፎርም መግዛት፣ ለሁሉም የጥናት ጊዜ መስጠት ይከብዳል። አንዱ ትምህርት ቤት ሲውል ሌላው ከብት ይጠብቃል። ማን ይማር የሚለው ምርጫ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው ልጁ ገና በ3ኛ ወይም በ4ኛ ክፍል ሳለ ባመጣው የውጤት ካርድ ነው። ካርዱ ላይ የሚታየው ደረጃ ልጁ ከስንት ሰው በኋላ እንደቆመ እንጂ ምን እንዳወቀና ምን እንዳላወቀ አይናገርም።

አማርኛም በዚህ ነገር ላይ የራሱ ድርሻ አለው። «ሰነፍ ተማሪ» ሲባል የማይሠራ ማለት ነው ወይስ የማይገባው? አንዱ ቃል ሁለቱንም ይሸከማል። «ጎበዝ»ም እንዲሁ ብርቱውንና ፈጥኖ የሚገባውን በአንድነት ይጠራል። እስከ እኩለ ሌሊት በኩራዝ አጥንቶ 40 ያመጣ ልጅ «ሰነፍ» ሲባል የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ መድከምና አለመድከም ለውጥ እንደማያመጡ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በአሜሪካ የ5ኛ ክፍል ልጆች ላይ ያደረጉት ሙከራ ይህን በግልጽ ያሳያል። ልጆቹ መጀመሪያ መጠነኛ ጥያቄዎችን ሠሩ። ከዚያ ገሚሶቹ «ብልህ ነህ» ተብለው፣ ሌሎቹ «በርትተህ ሠርተሃል» ተብለው ተመሰገኑ። ቀጥሎ ሆን ተብሎ የከበደ ጥያቄ ቀረበላቸው፤ አብዛኞቹ ተሸነፉ። በመጨረሻም ከመጀመሪያው ጋር ተመጣጣኝ ጥያቄ ሲሰጣቸው በብልህነታቸው የተመሰገኑት ከቀድሞው ዝቅ አሉ፤ በጥረታቸው የተመሰገኑት ደግሞ ተሻሻሉ። ልዩነቱን የፈጠረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ብልህ ነህ የተባለ ልጅ ሲወድቅ «ለካ አይደለሁም» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ከባዱን መሸሽ ይመርጣል። ስለዚህ ጉዳቱ የሚደርሰው በሚሰደበው ልጅ ላይ ብቻ አይደለም፤ ሳይለፋ አንደኛ ሲወጣ የኖረው የሰፈር ኩራትም አደጋ ላይ ነው።

በኦሮሚያ ክልል ይህ አደጋ ጎልቶ የሚወጣው 9ኛ ክፍል ላይ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ሲማር የቆየው ተማሪ በድንገት ሒሳቡንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። ውጤቱ ያሽቆለቁላል። የተቀየረው የማስተማሪያው ቋንቋ እንጂ የልጁ ጭንቅላት አይደለም፤ ልጁም ቤተሰቡም ግን ሁለቱን ለይተው ላያዩ ይችላሉ። «አይገባኝም» ብሎ የተቀመጠ ልጅ ጥያቄ አይጠይቅም፤ ካልጠየቀ ደግሞ በእርግጥ ሳይገባው ይቀራል። ፍርዱ ራሱን በራሱ እውነት ያደርጋል።

ገበሬ በማሳው ላይ እንዲህ አይፈርድም። ገብሱ ሳይዝ ሲቀር ውርጭ መታው ወይ፣ አረሙ በጊዜው ተነቅሏል ወይ፣ መሬቱ ውሃ ቋጥሯል ወይ ብሎ ይመረምራል፤ ዘሩን የሚጥለው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።

ልጆች ሁሉ እኩል ይፈጥናሉ ማለት አይደለም። «ትችላለህ» የሚለው ቃልም ብቻውን መጽሐፍና መምህርን አይተካም። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና ከ12,000 በላይ የአሜሪካ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ያሳተፈ ጥናት ይህንኑ ያመለክታል። ችሎታ በጥረት እንደሚዳብር የሚያስረዳ፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ ትምህርት ዝቅተኛ ውጤት በነበራቸው ላይ መሻሻል አምጥቷል፤ መሻሻሉ ግን ትንሽ ነበር፤ የበለጠ የታየውም የክፍል ጓደኞች ከባድ ሥራን በሚደግፉባቸው ትምህርት ቤቶች ነው። ጥረት ሲባልም ያንኑ ገጽ አሥር ጊዜ መሸምደድ አይደለም። የተሳተውን ጥያቄ ለይቶ፣ ለምን እንደተሳተ ጠይቆ፣ በሌላ መንገድ መሞከር ነው።

ይህን ለመርዳት ወላጅ የግድ ፊደል የቆጠረ መሆን የለበትም። ልጁ ካርዱን ይዞ ሲመጣ «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት በፊት «የትኛው ከበደህ? ማን ሊያሳይህ ይችላል?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። መልሱ «እንግሊዝኛው» ከሆነ ችግሩ ስም አገኘ ማለት ነው፤ ለመምህሩ ሊነገር፣ ከፍ ያለ ክፍል ያለ የጎረቤት ልጅ ሊያግዝበት፣ ከብት ጥበቃውም በተራ ሆኖ የአንድ ሰዓት ጥናት ሊገኝለት ይችላል።