ስክሪን ሳይሰበር እንዴት ይታጠፋል?

ጀሞ 1 ኮንዶሚኒየም አካባቢ ካለ የሞባይል ጥገና ቤት ቆሜ ሳለ፣ አንዲት ወጣት የሚታጠፍ ስልክ ይዛ መጣች። ስልኩ ይበራል፤ መሃሉ ላይ ግን ጥቁር መስመር ወርዶበታል። «ግላሱን ብቻ ቀይርልኝ» አለችው። ጠጋኙ ጠርዙን በጥፍሩ ዳሰስ አደረገና «የዚህ ግላስ ብቻውን አይወጣም እህቴ፤ ሙሉ ዲስፕሌዩ ነው የሚቀየረው» አላት። ያገለገለ ነበር የገዛችው። እርስዎም ለመግዛት ካሰቡ መጀመሪያ አሠራሩን ይወቁ።

እንዴት ነው የማይሰበረው? ድፎ ዳቦ ለማጠፍ ቢሞክሩ ከላይ በኩል ይሰነጠቃል። እንጀራ ግን ስስ ስለሆነ ይጠቀለላል። ማንኛውም ነገር ሲታጠፍ የውጭ ገጹ ይለጠጣል፤ ነገሩ በሳሳ ቁጥር መለጠጡም ያንሳል። የስክሪኑም ምስጢር ይኸው ነው።

የተለመደው ኤልሲዲ ስክሪን ከኋላው መብራት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ይወፍራል። የሚታጠፈው ኦሌድ ይባላል። የኦሌድ እያንዳንዱ ነጥብ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ራሱ ያበራል፣ የኋላ መብራት አያሻውም። የሚታጠፈው ዓይነት የሚሠራውም በመስታወት ላይ ሳይሆን ፖሊይማይድ በሚባል ሙቀት በሚችል ፕላስቲክ ላይ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳምሰንግ ጋላክሲ ዚ ፍሊፕ ከላዩ የለበሰው መስታወት ውፍረቱ 30 ማይክሮሜትር ነው፤ ከፀጉር ዘለላ ይሳሳል።

ታዲያ ስንት ጊዜ ይታጠፋል? ሳምሰንግ ለዚህ ስልክ 200,000 ጊዜ ብሏል። በቀን 100 ጊዜ ቢከፍቱት ከአምስት ዓመት በላይ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን አቧራው ነው። በለቡ እና በሃና ማርያም መንገድ ሲቆፈር ምን እንደሚመስል የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። በማጠፊያው የገባች አሸዋ ስሱን ስክሪን ከውስጥ ትወጋዋለች። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳምሰንግ ፎልድ 3 «አይ.ፒ.ኤክስ.8» የሚል ደረጃ አለው። 8 ቁጥሩ ውኃ እንደሚችል ይናገራል፤ ኤክስ ማለት ግን ለአቧራ ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ነው። ስልኩን በቦርሳ ይያዙት፣ ከቁልፍና ከሳንቲም ያርቁት።

ላዩ ላይ ያለውን ላስቲክስ ልላጠው? በፍጹም! በ2019 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ፎልድ ለሙከራ ሲሰጥ አንዳንዶች የማሸጊያ ላስቲክ መስሏቸው ልጠውት ስክሪኑ ተበላሽቷል። ሽያጩም እስከ መስከረም ዘገየ።

ወጪውስ? ያ ስልክ አሜሪካ ውስጥ 1,980 ዶላር ነበር። የውስጥ ስክሪኑን ማስቀየር ለመጀመሪያ ጊዜ 149፣ ከዚያ በኋላ 599 ዶላር ያስከፍል ነበር። ያገለገለ ሲገዙ ይህን ቅናሽ አይጠብቁ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የዶላር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የዲስፕሌዩን የዕለቱን ዋጋ ጠጋኝ ይጠይቁ። ነጭ ምስል ከፍተው ማጠፊያው ላይ መስመር ወይም ነጠብጣብ እንዳለ ይዩ፤ አሥር ጊዜ አጥፈው ይክፈቱት፣ ከተንቋቋ ይተዉት።

ለዕለት ኑሯችን ግን ከስልኩ ይልቅ የምጓጓው ለኤሌክትሮኒክ ወረቀት ነው። በውስጡ በጣም ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ብናኞች አሉ፤ ኤሌክትሪክ ወደላይና ወደታች እያንቀሳቀሰ ጽሑፍ ያወጣባቸዋል። በፕላስቲክ ላይ ሲሠራ ይተጣጠፋል። ኃይል የሚፈጀው ጽሑፉ ሲቀየር ብቻ ነው። መካኒሳ አውቶቡስ ፌርማታ ምሰሶ ላይ ቢጠቀለል፣ መብራት ቢጠፋም የጉዞ ሰዓቱ እንደተጻፈ ይቆያል።