የጫሞ ዳርቻ ባለቤት

ባሕር ዳር የሄደ ሰው ከመንገዱ ወረድ ብሎ ጣና ዳር ይቀመጣል። ሐዋሳ ላይም አመሻሹን ሐይቁን ተከትሎ የሚንሸራሸረው ብዙ ነው። አርባ ምንጭ ግን እንዲህ አይደለችም። ሁለት ሐይቆች እያሏት ከሁለቱም ራቅ ብላ ተቀምጣለች፤ ሴቻ ከገደሉ አፋፍ፣ ሲቀላ ከግርጌው ሜዳ። ከሴቻ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው አባያንም ጫሞንም በአንድ ጊዜ ያያል፤ ወደ ውሃው ለመድረስ ግን መኪና ወይም ባጃጅ ይዞ ደኑን አቋርጦ መውረድ አለበት። ሲደርስም የሚጠብቀው የቡና ጠረጴዛና የሙዚቃ ድምፅ አይደለም። ፊላና ጭቃ ያለበት፣ ወፍ የሚጮህበት፣ ጀልባ የታሰረበት ጭር ያለ ዳርቻ ነው።

በጃፓን፣ በኪዮቶ ግዛት፣ ኢኔ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር አለች። 230 ያህል ቤቶቿ ውሃው ላይ ተደርድረዋል፤ ምድር ቤቱ ለጀልባ፣ ፎቁ ለሰው። የባሕረ ሰላጤው ውሃ ከፍና ዝቅ የሚለው በትንሹ ስለሆነ ሰው ከውሃው ጋር ደጃፍ ለደጃፍ መኖር ችሏል። ጸጥታ የሚሻ ተጓዥ እንዲህ ያሉ መንደሮችን ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል። ጫሞ ላይም ያ ጸጥታ ሞልቷል፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። እዚህ ሰው ወደ ውሃው ያልተጠጋው ዳርቻው አስቀድሞ የተያዘ ስለሆነ ጭምር ነው። የያዘውም አዞ ነው። ይህ ጽሑፍ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ መንገደኛን ከእርሱ ጋር ለማስተዋወቅ የተጻፈ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሐይቆቹ። አባያና ጫሞን የሚለያቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ኮረብታማ መሬት ነው፤ እርሱም እንደ ሁለቱ ሐይቆች ከፊል ውሃ ሁሉ በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ነው። የሁለቱ ሐይቆች ቀለም ግን አይገጥምም። እንደ ብላቴ ያሉት ወንዞች ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት ደለል በአባያ ውሃ ውስጥ ተንሳፎ ስለሚቆይ አባያ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ጫሞ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ ያደላል። አባያ ሞልቶ ሲፈስ ውሃው ወደ ኩልፎ ወንዝ ይገባል፤ ኩልፎም ወደ ጫሞ ያደርሰዋል። መንገደኛው የአዞ ገበያ የሚባለውን ስፍራ የሚያገኘው በዚሁ በኩልፎ መግቢያ አካባቢ ነው።

ወደዚያ የሚኬደው በሞተር ጀልባ ነው። ከጀልባ ማረፊያው ተነስቶ ሰፊውን ውሃ ሲያቋርጡ መጀመሪያ የሚታየው አዞ ሳይሆን ወፍ ነው፤ ፔሊካኖች በቡድን፣ አባ ኮዳ ዳር ላይ ቆሞ፣ ዓሣ በል ንስር ከደረቀ ዛፍ ጫፍ። ከዚያ ጉማሬዎች ጆሯቸውንና ዓይናቸውን ብቻ ብቅ አድርገው ይታያሉ። ጀልባ ነጂዎች ከአዞው ይልቅ ለጉማሬ የሚጠነቀቁት በምክንያት ነው፤ ጉማሬ ከውሃው በታች መጥቶ ጀልባ ሊገለብጥ ይችላል። ወደ ዳርቻው ሲቃረቡ ነጂው ሞተሩን ያበርደዋል። አሸዋው ላይ ተጋድሞ ግንድ የመሰለው ነገር አዞ መሆኑ የሚለየውም ያን ጊዜ ነው። አንዱን ለመለየት ጊዜ ይወስዳል፤ አንዱን የለየ ዓይን ግን ወዲያው ሌሎቹን ያገኛቸዋል።

የጫሞ አዞ የዓባይ አዞ የሚባለው ዝርያ ነው። በዚህ ሐይቅ 5 ሜትርና ከዚያም በላይ የሚሆኑ ወንዶች አሉ፤ ሐይቁ በውጭ አገር ጎብኚዎች ዘንድ ስሙ የወጣውም በዚህ ግዝፈት ነው። ለእኔ ግን ከግዝፈቱ በላይ የሚደንቀው ኑሮው ነው። አዞ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከፀሐይ ነው። ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳልፎ ጠዋት ወደ አሸዋው ይወጣና ይሞቃል፤ ፀሐዩ ሲበረታ ወደ ውሃው ወይም ወደ ጥላው ይመለሳል። ቆዳው ላብ የለውም፤ ስለዚህ ሙቀት ሲበዛበት አፉን ከፍቶ ይቀመጣል፤ ከአፉ ውስጥ የሚተነው እርጥበት ጭንቅላቱን ያበርድለታል። ጎብኚዎች ያን የተከፈተ አፍ አይተው ሊያጠቃን ነው ብለው ይደነግጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ እንስሳው ራሱን እያበረደ ማረፉ ነው።

ዓይኑ፣ አፍንጫውና ጆሮው በጭንቅላቱ አናት ላይ በአንድ መስመር ተቀምጠዋል። በዚህም የተነሳ ሌላው አካሉ ሰምጦ እያለ ያያል፣ ይተነፍሳል፣ ይሰማል። ጉሮሮው በስተኋላ የሚዘጋበት ክዳን ስላለው ውሃ ውስጥ አፉን ከፍቶ አይታነቅም። በመንጋጋው ቆዳ ላይ የተነጠቡት ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች የውሃውን ትንሽ ንቅናቄ ሳይቀር ይለያሉ፤ ጨለማ ውስጥ አንድ እንስሳ ምላሱን ውሃ ቢያስነካ አዞው ያውቃል። ከ60 በላይ ጥርሶች አሉት፤ የወለቀው በሌላ ይተካል። መንጋጋውን ሲገጥም ጉልበቱ ከባድ ነው፤ የሚከፍትበት ጡንቻ ግን ደካማ ስለሆነ አፉን በገመድ አስሮ መያዝ ይቻላል። ሳይንቀሳቀስ የተኛ ትልቅ አዞ ሳይተነፍስ ከአንድ ሰዓት በላይ ከውሃ በታች ሊቆይ ይችላል። ጉልበቱን የሚያባክን ስላልሆነም ሳይበላ ወራት ያልፋል።

እናትነቱ ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነው። እንስቷ ውሃ የማይደርስበት አሸዋ መርጣ ትቆፍራለች፤ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 60 እንቁላል ጥላ ትደፍነዋለች። ከዚያ ሦስት ወር ገደማ ከአጠገቡ አትርቅም። ብትርቅ አርጃኖ ይደርስበታል፤ አርጃኖ የአዞ እንቁላል ሌባ ነው። ከእንቁላሉ ወንድ ይውጣ ሴት የሚወስነው የአሸዋው ሙቀት ነው፤ መካከለኛ በሆነው ሙቀት ወንዶች ይበዛሉ፣ ከዚያ ዝቅም ከፍም ሲል ሴቶች። ጫጩቶቹ ሊወጡ ሲቃረቡ ከቅርፊቱ ውስጥ ይጮኻሉ። እናትየዋም ድምፁን ሰምታ አሸዋውን ትቆፍራለች፤ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆኑትን ልጆቿን ጎሽ በሚሰብረው በዚያው መንጋጋ ውስጥ አድርጋ ወደ ውሃው ትወስዳቸዋለች። አንዱንም አትጎዳም። ከእነዚያ ውስጥ ለአቅመ አዳም የሚደርሰው ግን እጅግ ጥቂቱ ነው፤ ወፉም፣ ዓሣውም፣ ትልልቁ አዞም ይበላቸዋል። የተረፈው ለመራባት ከ10 ዓመት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ጫሞ ላይ 5 ሜትር የሆነ አዞ ያየ ሰው በብዙ አሥርት ዓመታት የተሠራ ፍጥረት አይቷል፤ ያ አዞ ቢገደል በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ተተኪ ላይገኝ ይችላል።

ይህን ሁሉ ስናገር አደገኛነቱን ማቃለሌ አይደለም። ውሃ ለመቅዳት፣ ልብስ ለማጠብ፣ ከብት ለማጠጣት ወደ ዳርቻው የሚወርዱ ሰዎች ያውቁታል። በግንቦት 2010 ዓ.ም. በአባያ ዳር ምእመናንን ሲያጠምቁ የነበሩ አንድ ፓስተር በአዞ ተይዘው ሕይወታቸው ማለፉ የዓለም ዜና ሆኖ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስቡኝ ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ውሃ ላይ የሚወጡት እጅግ ቀላል ከሆነ የዛፍ ግንድ በታሰረ ታንኳ ነው፤ ጣና ላይ ደንገል የሚሠራውን ሥራ እዚህ ይህ እንጨት ይሠራዋል። ታንኳው ጠርዝ የለውም፤ ሰውየው ውሃው ላይ የተቀመጠ ያህል ነው። በዚህ ሁኔታ መረብ ዘርግተው፣ አዞው ዓሣውን ከነመረቡ እንዳይወስድባቸው እየተጠባበቁ ይሠራሉ። ሲቀላ ዓሣ ቤት ቁጭ ብለን ከዳጣ ጋር የምንበላው ጥብስ፣ ለብለቡም ዱለቱም፣ የሚመጣው በዚህ ድካም ነው።

ከሐይቁ የሚወጣው በብዛት ቆሮሶ፣ አምባዛና ናይል ፐርች ነው። ናይል ፐርች ሲያድግ 2 ሜትር ሊደርስ የሚችል ዓሣ ነው፤ ጫሞ ላይ ግን ከቀድሞው በጣም ቀንሷል። ዋናው ምክንያት ዓይኑ ጠባብ በሆነ መረብ ገና ያልደረሰው ዓሣ መጠመዱ ነው። ዓሣ ሲጠፋ አዞም ይራባል፤ የተራበ አዞ ደግሞ ወደ ሰውና ወደ ከብት ይጠጋል። የአጥማጁ ጥቅምና የአዞው ኑሮ የተጋጩ ቢመስሉም ሁለቱንም የሚያኖራቸው አንድ ዓሣ ነው።

ሌላው ችግር ከላይ ይመጣል። የጋሞ ደጋ ቁልቁለት ዛፉ ሲመነጠር አፈሩ በኩልፎና በሌሎቹ ወንዞች ተጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ከታች ደግሞ እርሻው ወደ ውሃው ይጠጋል። የአርባ ምንጭ ሙዝ የአገሩ ኩራት ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ያኖራል። ነገር ግን ውሃው አፍ ድረስ ያለው መሬት ሁሉ ከታረሰ አዞዋ እንቁላሏን የምትቀብርበት አሸዋ አይኖራትም፤ ደለሉን የሚያጣራው ፊላም ይጠፋል። በእኔ እምነት ከውሃው ጠርዝ አንስቶ የተወሰነው መሬት ሳይታረስ መቅረቱ ለአዞው ብቻ ሳይሆን ለአጥማጁም ለገበሬውም የሚበጅ ነው።

አዞን በቅርብ ማየት የሚሻ፣ ጀልባም የማይደፍር ሰው በአባያ በኩል ወዳለው የአዞ እርባታ ጣቢያ መሄድ ይችላል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1984 ያቋቋመው ነው። እንቁላልና ጫጩት ከሐይቆቹ ተሰብስቦ በጣቢያው ያድጋል፤ አዞዎቹ በዕድሜያቸው ተለይተው በየገንዳው ይቀመጣሉ፤ ቆዳቸውም በዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ስር ለውጭ ገበያ ሲቀርብ ቆይቷል። አስጎብኚዎቹ ስለ እያንዳንዱ የዕድሜ ክፍል ያስረዳሉ፤ ለተማሪዎች ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። ነገር ግን ገንዳ ውስጥ ያለ አዞ ሲያድንም፣ ሲቆፍርም፣ ልጅ ሲሸከምም አይታይም። እርባታው መግቢያ ነው፤ ዋናው ሐይቁ ነው።

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አውሮፕላንም አለ። ብዙ ተጓዦች ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲያልፉ ከተማዋን አዳር ብቻ ያደርጓታል። ለጫሞ አንድ ሙሉ ጠዋት ስጡት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ ውጡ፤ አዞዎቹ ሊሞቁ የሚወጡት ያን ጊዜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ተነስቶ ውሃው ሊናወጥ ይችላል። በዳርቻው ካሉት ፈቃድ ካላቸው ባለ ጀልባዎች ጋር ሂዱ፤ የሕይወት አድን ጃኬት ሳትለብሱ አትሳፈሩ። እጃችሁን ውሃ ውስጥ አትንከሩ። የተኛውን ለማስነሳት ድንጋይ አትወርውሩ፣ አትጩኹ፤ እንቁላሏን የምትጠብቅ እናት ልትሆን ትችላለች። ፎቶ ለማሳመር ብላችሁም ጀልባ ነጂውን ጠጋ በልልን አትበሉት፤ ርቀቱን የሚወስነው እርሱ ነው።