የሕንፃ ሥራና የቆመ ውኃ በድሬዳዋ

ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ መሐል አገር የሚገሠግሠው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ሞቃት ሜዳ በደረሰ ጊዜ መሐንዲሶች ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ያሉትን የከዚራን ሰፈር ቀየሱ፤ ከደቻቱ አሸዋ ማዶ ደግሞ መጋላ በነጋዴው ፈቃድና በገበያው ፍላጎት እየሰፋ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በከተማዪቱ የመዶሻ ድምፅ ተቋርጦ አያውቅም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 የሚበልጡ ሰዎችን ሕይወት ካጠፋ በኋላ የወንዙን ዳርቻ በግንብ የማጠር ሥራ ተሠራ፤ በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የነፃ ንግድ ቀጣናው ተመረቀ፤ በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማትም ወደዚሁ ከተማ ተሻግሮ የመሐል ጎዳናዎቹን መልክ ለውጧል።

አሮጌው ቤት በፎቅ፣ አቧራው መንገድ በአስፋልት ሲተካ አይቶ ደስ የማይለው ሰው አይገኝም። ይህም ጽሑፍ ግንባታን ለመንቀፍ የተጻፈ አይደለም። ነገር ግን የአላፊ አግዳሚው ዐይን የሚያርፈው ወደ ላይ በሚወጣው ፎቅ ላይ ስለ ሆነ፣ ከፎቁ ሥር የተቀመጠውን በርሜል ልብ ብላ የምታየው ትንኝ ብቻ ሆናለች። ስለዚሁ በርሜል ጥቂት ቃል ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓመቱን ሙሉ በድሬዳዋ ከተማ የተመዘገበው የወባ በሽተኛ 205 ብቻ ነበር። በ2022 ግን ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ብቻ ቍጥሩ ከ2,400 በላይ ሆነ። ነገሩን ይበልጥ የሚያስደንቀው የበሽታው ብዛት ብቻ ሳይሆን ወራቱ ነው። በአገራችን ወባ የምትታወቀው ክረምቱ ወጥቶ ኩሬው በየሜዳው ሲተኛ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ደቻቱ ደርቆ አሸዋው በሚያቃጥልበት በበጋ ወባ ከየት መጣች? የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ባለሙያዎች ይህን ጥያቄ ይዘው በሽተኞች የተገኙባቸውን ቤቶችና አካባቢያቸውን በመረመሩ ጊዜ፣ ከያዟቸው የወባ ትንኞች እጅግ የሚበዙት አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው እንግዳ ትንኝ ሆነው ተገኙ። እጮቿም ሰው ራሱ ውኃ ባጠራቀመባቸው ዕቃዎች ውስጥ ጭምር ተገኙ።

ይህች ትንኝ የትውልድ አገርዋ ደቡብ እስያና የዐረብ ምድር ነው። በአፍሪካ ምድር መጀመሪያ የታየችው በጅቡቲ በ2012 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ በአገራችን ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሐር ተገኘች። ጅቡቲ ትንኟ በታየችበት ዓመት የመዘገበችው የወባ በሽተኛ 27 ብቻ ነበር፤ ከስምንት ዓመት በኋላ ግን ከ73,000 በላይ ሆነ። ለዚህ ሁሉ ጭማሪ ትንኟ ብቸኛ ምክንያት ናት ለማለት ባይቻልም፣ የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ዝም ብሎ ማየት ግን አይገባም።

አንባቢ ሆይ፣ የቀድሞዪቱ የወባ ትንኝ የገጠር ትንኝ ናት። በ1951 ዓ.ም. የወባ ማጥፊያ አገልግሎት በተቋቋመ ጊዜ የጦር ስልቱ የተነደፈው ለእርስዋ ነበር፤ ማታ ከቤት ገብታ ሰው ነክሳ ከግድግዳው ላይ ስለምታርፍ ግድግዳውን መድኀኒት መርጨት ብዙ ሕይወት አድኗል። እንግዳዪቱ ግን የከተማ ትንኝ ናት። በርሜል፣ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳና የውኃ ጉድጓድ ይበቋታል፤ ዝናብ አትጠብቅም፤ ከቤት ውስጥ ይልቅ ከከብቶች በረትና ከሌላም ስፍራ ታርፋለች፤ ብዙዎቹን የትንኝ መድኀኒቶችም ተለማምዳ መጥታለች። ስለዚህ አጎበርና ርጭት አሁንም የማይተዉ መከላከያዎች ቢሆኑም፣ እርስዋን ከሥርዋ ለመንቀል የሚያስችለው መንገድ የምትወልድበትን ውኃ መንሣት ነው። በህንድ አገር በቦምባይ ከተማ ዶክተር ቤንትሊ በ1911 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለ ወባ ባቀረቡት ጥናት፣ የበሽታው ምንጭ በየግቢው ያለው የውኃ ጉድጓድ መሆኑን አስረድተው ጉድጓዶቹ እንዲከደኑ አሳስበው ነበር። ያን ጊዜም የጉድጓዶቹ ባለቤቶች በቀላሉ እሺ አላሉም።

አሁን ወደ ሕንፃው ሥራ እንመለስ። ለሥራ የሚሆን ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ፣ ሥራ ተቋራጭ ሁሉ ውኃ ያጠራቅማል፤ ቧንቧው በመጣ ቀን ያልሞላ በሚቀጥለው ቀን ቡኮ ማቡካት አይችልም። ስለዚህ በየሥራው ቦታ አፉ የተከፈተ በርሜል በረድፍ ቆሞ ይታያል፤ አንዳንዱም መሬት ቈፍሮ ላስቲክ አንጥፎ ትልቅ ኩሬ ይሠራል። መሠረት የተቈፈረበት ጉድጓድ፣ የአሳንሰሩ ጕድባ፣ ገና ያልተከደነው የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ሁሉ ውኃ ይይዛል። ጥላ ያለበት፣ ንፁሕ፣ ነፋስ የማይነካው ውኃ ነው። ለትንኝ ከዚህ የተሻለ ማሕፀን አይገኝም።

የሥራ ኀላፊዎች ዘወትር የሚሰጡት መልስ አለ፤ «ውኃውን ብናፈስሰው ሥራው ይቆማል፤ ሲሚንቶውም ይሰነጠቃል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውኃ ጋር በመዋሐድ ስለ ሆነ፣ አዲስ የተሞላ ሶሌታ ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥበት ሊለየው አይገባም። ለዚህም ብዙዎች በሶሌታው ዙሪያ ዝቅተኛ የአሸዋና የሲሚንቶ ክትር ሠርተው ውኃ ያቁሩበታል። እኛ የምንለው ውኃ ይቅር ሳይሆን ውኃው አይሰንብት ነው። የወባ ትንኝ ዕንቍላል ጥላ በድሬዳዋ ሙቀት ልጅዋ ክንፍ አውጥታ እስክትበር ድረስ ዐሥር ቀን ያህል ይፈጅባታል። መሐንዲሱ ሰባት ቀን ይፈልጋል፤ ትንኝ ዐሥር ቀን ትፈልጋለች። በሁለቱ መካከል ያሉት ጥቂት ቀናት የኛ ናቸው። ሶሌታው ሰባት ቀኑን በፈጸመ ዕለት ክትሩ ፈርሶ ውኃው ይፍሰስ። ከዚህም የሚሻለው ውኃ ከማቆር ፈንታ ጆንያ አልብሶ ጧትና ማታ ጆንያውን ማራስ ነው፤ ውኃ ይቆጥባል፤ ትንኝም በጆንያ ላይ አትወልድም።

ስለ በርሜሉም እንዲሁ ነው። ከሳምንቱ አንድ ቀን ይመረጥ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ደመወዙን ከመቀበሉ በፊት ያለው ሰዓት፣ በኛ አስተያየት እጅግ የተመቸ ነው። በዚያ ቀን በርሜሉ ሁሉ ተሟጦ ውስጡ በሻካራ ብሩሽ ይፈተግ። መፈተጉ ለምንድን ነው ቢሉ፣ የደንጊና የቺኩንጉንያ በሽታ አስተላላፊ የሆነችው ሌላዪቱ ትንኝ ዕንቍላልዋን ከበርሜሉ ግድግዳ ላይ ስለምታጣብቅና ዕንቍላልዋም ደርቆ ወራት ስለሚቆይ ነው። ይህችን ትንኝ ድሬዳዋ አሳምራ ታውቃታለች፤ በ2006 ዓ.ም. የደንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ በከተማው ተነሥቶ ብዙ ሰው ከአልጋ ጥሏል። ሊደፋ የማይችለው ትልቅ ገንዳ ግን በጠበቀ ክዳን ወይም በወንፊት ይሸፈን፤ ይህም ካልሆነ ለጤና ባለሙያ ተነግሮ የእጭ ማጥፊያ መድኀኒት ይደረግበት። የተቃጠለ ዘይት በውኃ ላይ ማፍሰስ የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ለማቡኪያ የሚሆነውን ውኃ ስለሚያበላሽ ለሥራ ቦታ አይስማማም።

በውኃው ውስጥ እጭ መኖሩን ለማወቅ ምሁር መሆን አያሻም። ጧት ፀሓይ ስትወጣ በነጭ ሳሕን ውኃውን ቀድቶ ጥቂት መታገሥ ነው። የወባ ትንኝ እጭ ከውኃው ፊት ላይ ተጋድማ ትታያለች፤ የሌሎቹ ትንኞች እጭ ግን ጭራዋን ከውኃው ፊት አስጠግታ ራስዋን ወደ ታች ትዘቀዝቃለች። ይህን ሥራ ለዘበኛው ቢያስተምሩት ከማንም ይልቅ ይጠነቀቅበታል፤ ሌሊቱን ከበርሜሎቹ አጠገብ ተኝቶ የሚነከሰው እርሱ ነውና።

ስለ ዘበኛው ካነሣን ስለ ቀን ሠራተኛውም መናገር ይገባል። በከተማው ሥራ ላይ የሚሰማራው ወጣት ብዙው ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ከደጋ የመጣው ወባን ስለማያውቃት አንድ ጊዜ ከያዘችው ትጸናበታለች፤ ከወባማ ቆላ የመጣው ደግሞ ቫይቫክስ የተባለውን የወባ ዐይነት በጉበቱ ውስጥ አድፍጦ ይዞት ሊመጣ ይችላል። ከወራት በኋላ ትኩሳቱ ይነሣበታል፤ በዚያው ሌሊት የነከሰችው ትንኝ በሽታውን ወስዳ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ ለጎረቤት ታደርሰዋለች። እንግዲህ ትንኟን የሚያሳድግ ውኃ፣ በሽታውን የያዘ ሰውና ገና ያልታመመ ሰው በአንድ አጥር ግቢ ሲገናኙ ምን እንደሚከተል አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ሥራ ተቋራጩ በግቢው ለሚያድሩት ሠራተኞች ሁሉ አጎበር ቢገዛላቸው ወጪው ከጥቂት ኩንታል ሲሚንቶ አይበልጥም። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ራስ ምታት የተሰማው ሠራተኛም በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ይመርመር። ፎርማኑ «ከሥራ ቀርተሃል» ብሎ የቀን ዋጋውን ከቆረጠበት ግን ሠራተኛው ትኩሳቱን ደብቆ መሥራቱ የማይቀር ነው፤ እኛ ከውኃው ቀጥሎ አብልጠን የምንፈራው ይህን ነው።

ሌላውን ባጭሩ እናልፈዋለን። የሲሚንቶና የድንጋይ አቧራ ለሳንባ ጎጂ ስለ ሆነ ድንጋይ የሚቈርጥና የሚፈጭ ሰው ውኃ እየረጨ ይሥራ፤ አፍንጫና አፉንም ይሸፍን። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ያቃጥላል። ለሠራተኛው መጸዳጃ ሳይሠራ ሥራ መጀመር ደግሞ ጎረቤትን መድፈር ነው፤ በተለይም ዶማና ማሽን የውኃ ቧንቧን በሚሰብርበት ስፍራ ቆሻሻው ወደ ቧንቧው ገብቶ የሰፈሩን ሕዝብ ያስተጓጕላል።

ሥራው አልቆ አጣናው ሲፈታና ሪባኑ ሲቈረጥ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ ላስቲክ የተነጠፈበት ኩሬ በአፈር ሳይደፈን፣ የሰገነቱ ሮቶ ክዳኑ ሳይገጠም፣ የምድር ቤቱ ውኃ ሳይመጠጥ የቤቱን ቍልፍ መረከብ አይገባም። ቍልፍ የሚረከቡ ባለቤት እነዚህን ሦስቱን በዐይናቸው አይተው ይፈርሙ፤ የሰገነቱን ሮቶ ለማየት መሰላል መውጣት የሚከብዳቸው ከሆነ ልጃቸውን ይላኩ።