በርበሬ የሚያቃጥለው የት ላይ ነው?

ክረምቱ አልፎ ፀሐዩ ጠንከር ሲል ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው በየደጁ የተሰጣ ቀይ ዛላ ያያል። ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬ ዙሪያና ወምበርማ በበርበሬ የታወቁ ወረዳዎች ናቸው። የቡሬው ይሻላል ወይስ የማረቆው የሚለውን ሙግት ለባለሙያዎቹ እንተወውና ቀላል የሚመስል ጥያቄ እናንሳ፤ ይህ በርበሬ የሚያቃጥለው የት ላይ ነው?

«ምላስ ላይ ነዋ!» ይላል የተጠየቀ ሁሉ። በርበሬ ቀንጥሳ የምታውቅ ሴት ግን ታመነታለች። ቀኑን ሙሉ ዛላ ስትቀነጥስ ከዋለች ማታ የሚያቃጥላት ምላሷ ሳይሆን እጇ ነው። ሳታስበው ዓይኗን ካሸችማ አበቃላት። ጣት ደግሞ አይቀምስም፤ ጨው ቢነካ ጨውነቱን፣ ማር ቢነካ ጣፋጭነቱን አያውቅም። የበርበሬን ማቃጠል ግን ያውቃል። እንግዲያው ማቃጠል ከጨውና ከጣፋጭ ተርታ የሚቆጠር ጣዕም አይደለም።

ታዲያ ምንድን ነው? በዛላው ውስጥ ፍሬዎቹ ተያይዘው የሚቀመጡበት ነጣ ያለ ስስ ሥጋ አለ። ካፕሳይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው፤ ፍሬው የሚታማው ከዚህ ሥጋ ጋር ስለሚነካካ ነው። ካፕሳይሲን ራሱ ሙቀት የለውም። በድቁስ በርበሬ ውስጥ ቴርሞሜትር ቢተክሉ የሚነበበው የቤቱ ሙቀት ብቻ ነው። ነገሩ ያለው እኛ ጋ ነው። በአፋችን፣ በአፍንጫችን፣ በዓይናችንና በቆዳችን ላይ የሚያልቁ የሕመም ነርቮች ጥቃቅን ተቀባዮች አሏቸው። የአንደኛው ተቀባይ ሥራ ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚበልጥ ሙቀት ሲነካው ተከፍቶ የቃጠሎ መልእክት ወደ አንጎል መላክ ነው። ካፕሳይሲን ይህንኑ ተቀባይ ያለ እሳት ይከፍተዋል። ዴቪድ ጁሊየስና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ ሆነው ተቀባዩን ለይተው ያሳወቁት በ1997 ነው፤ ጁሊየስ በ2021 ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር የሕክምና ኖቤል ተሸልሞበታል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)።

አንጎል የራስ ቅል ውስጥ፣ ጨለማ ውስጥ ነው የሚኖረው። ወጡን አላየም፣ እሳቱንም አላየም፤ ያለው ነርቭ ያመጣለት ወሬ ብቻ ነው። ወሬው «ተቃጠልኩ» የሚል ከሆነ እንደተቃጠለ ሰው ያዘዋል፤ ግንባር ላይ ላብ ችፍ ይላል፣ እንባና ንፍጥ ይወርዳል፣ ምራቅ ይሞላል። የሥነ ልቦና መምህራን ነርቭ የሚልከውንና አንጎል የሚተረጉመውን ለይተው የሚያስተምሩት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው እውነት ሆኖ ሁለተኛው ሊሳሳት ይችላል።

ለዚህ ምስክር የምትሆነን ዶሮ ናት። የተሰጣ በርበሬ መሃል ገብታ ፍሬ ስትለቅም አታስልም፣ አታለቅስም። በ2002 የጁሊየስ ቤተ ሙከራ የዶሮን ተቀባይ ወስዶ ሲመረምር ተቀባዩ ለሙቀት እንደሚከፈት፣ ለካፕሳይሲን ግን እንዳልተበገረ አገኘ። ለዶሮ በርበሬ አያቃጥልም። በርበሬና ዶሮ ኋላ ድስት ውስጥ ሲገናኙ የሚቃጠለው በላተኛው ብቻ ነው ማለት ነው።

ይህን ከያዝን የማዕድ ቤቱ ብዙ ነገር ይገለጣል። ከምድጃ የወረደ ወጥ ያው ወጥ ሲቀዘቅዝ ከሚያቃጥለው በላይ የሚያቃጥለው ሙቀቱና ካፕሳይሲኑ አንዱን ተቀባይ ስለሚቆረቁሩት ነው። ቀዝቃዛ ውኃ አፍ ውስጥ እስካለ ድረስ ያስታግሳል፤ ሲዋጥ ቃጠሎው ይመለሳል፣ ምክንያቱም ካፕሳይሲን ውኃ ውስጥ አይሟሟም። ስብ ውስጥ ግን ይሟሟል፤ የቀነጠሰ እጅ ዘይት ተቀብቶ ቢታጠብ የሚሻለው ለዚህ ነው። ወተት፣ እርጎና አይብ ደግሞ በውስጣቸው ያለው ፕሮቲን ጭምር ያግዛል። «በጾም ቀንስ?» ላለኝ ሰው መልሱ ስኳር ነው፤ ስኳር የገባበት ቀዝቃዛ ውኃ ከባዶው ውኃ በጣም ይሻላል።

ስሜት ልክ አለው፤ ልኩ ግን እንደ ሚዛን አይደለም። በ1912 ዊልበር ስኮቪል የተባለ አሜሪካዊ የመድኃኒት ባለሙያ የበርበሬን ኃይል ለመለካት ሲነሣ መሣሪያው የሰው ምላስ ነበር። ጭማቂውን በስኳር ውኃ እያቀጠነ ለቀማሾች ይሰጣል፤ ቃጠሎው እስኪጠፋ ድረስ ስንት እጥፍ እንደቀጠነ ይመዘግባል። ከእሱ ቀደም ብሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የላይፕዚጉ ኤርንስት ቬበር ሌላ ነገር አስተውሎ ነበር፤ የምንለየው የተጨመረውን መጠን ሳይሆን ከነበረው ጋር ያለውን ንጽጽር ነው። በአንድ ኪሎ ላይ ሩብ ኪሎ ቢጨመር እጅ ወዲያው ያውቃል፤ በሙሉ ማዳበሪያ በርበሬ ላይ ሩብ ኪሎ ቢጨመር ተሸካሚው አይነቃም። ለሠርግ የሚጣደው ትልቅ ድስት ላይ አንዲት ማንኪያ ጨምሮ «አሁን ተስተካከለ!» የሚል ሰው ካለ በጥርጣሬ ብናየው አይፈረድብንም።

አሁን ወደሚገርመው እንለፍ። ነርቩ ተቃጠልኩ የሚል ከሆነ ሰው ለምን ነገም ያንኑ ይበላል?

ልጅ በርበሬ ወዶ አይወለድም፣ ምዕራብ ጎጃምም ቢሆን። መጀመሪያ አልጫ ይቀርብለታል፤ ቀጥሎ ወጡን ዳር ዳሩን ነካ ያደረገ እንጀራ። ትልልቆቹ ሲበሉ እያየ አንድ ቀን «እኔም!» ይላል። ያለቅሳል፣ ይሳቅበታል፣ በማግስቱ ይደግመዋል። ፖል ሮዚን የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንኑ ጉዞ ሜክሲኮ ውስጥ፣ በአንድ ደጋማ መንደር አጥንቶ በ1980 አሳትሟል። ልጆቹን ማንም አላስገደዳቸውም፣ ማንም አልሸለማቸውም፤ በማዕዱ ዙሪያ ቀስ በቀስ ወደዱት። የመንደሩ ውሾችና አሳማዎችም ዕድሜ ልካቸውን በርበሬ የነካው ትርፍራፊ በልተው ነው ያደጉት። ምርጫ ሲሰጣቸው ግን የሚያቃጥለውን ከማያቃጥለው አብልጦ የመረጠ እንስሳ አላገኘም። መልመድ ብቻውን መውደድን አያመጣም።

ሰውነት የሚበላ ነገርን በተመለከተ የራሱ ፍርድ ቤት አለው። ጆን ጋርሲያና ሮበርት ኬሊንግ በ1966 እንዳሳዩት አይጥ አንድ ጣዕም ቀምሳ ኋላ ከታመመች ያንን ጣዕም ትሸሻለች፤ ሲቀምሱ አብሮ የበራ ብርሃንና የተሰማ ድምፅ ግን በበሽታው አይጠረጠርም። ቀጥለው የመጡ ሙከራዎች ደግሞ በጣዕሙና በሕመሙ መካከል ሰዓታት ቢያልፉም ትምህርቱ እንደማይጠፋ አረጋግጠዋል። ደምበጫ ላይ አረቄ አብዝቶ ሌሊቱን ሲያስመልሰው ያደረ ሰው ከዓመት በኋላም ሽታው ሽው ሲለው ሆዱ ይገለበጣል። ያሳመመው ሌላ ምግብ ሊሆን እንደሚችል ቢያስረዱት አዎ ይላል፤ ሆዱ ግን አይሰማም። ጡት ስታስጥል ሬት የምትቀባ እናት የምትጠቀመው ከዚህ ለየት ያለውን፣ ቅጣቱ እዚያው የሚገኝበትን የትምህርት መንገድ ነው።

በርበሬ በዚህ ፍርድ ቤት ፊት ሲቆም ክሱ ይከብዳል፣ ፍርዱ ግን ነጻ ነው። ቃጠሎው ይመጣል፤ ከቃጠሎው በኋላ የሚመጣው ግን በሽታ ሳይሆን ጥጋብ ነው። ቅቤው አለ፣ ሥጋው አለ፣ ከፋሲካ ሌሊት በኋላ የሚቆረሰው እንጀራ፣ የሰዉ ጨዋታ አለ። ዘወትር የሚበላ ሰው ነርቩም በመጠኑ ይደነዝዛል፤ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሸጠው የካፕሳይሲን ቅባት የሚሠራው በዚሁ መደንዘዝ ነው። ሮዚን ግን ዋናው ለውጥ ነርቩ ላይ አይደለም ይላል። በርበሬ ወዳዱም ቃጠሎው ይሰማዋል፤ አደጋ እንደሌለበት ስለሚያውቅ ነው የሚደሰትበት። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። እያለበ፣ እፍ እፍ እያለ «በጣም ይጣፍጣል!» የሚል ሰው አልተሰማውም ብሎ ማን ያምናል?

ከዚህ ሁሉ በፊት ሽንኩርት ይቁላላል። ሲቁላላ የሚሰማ ልጅ ገና ምንም ሳይቀምስ አፉ ምራቅ ይሞላል። ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች ላይ ያጠናው ይህንን ነው፤ ምግብ አስቀድሞ የሚያስታውቅ ነገር ራሱ ምግብ የሆነ ያህል ምራቅ ይጠራል። (የ1904 ኖቤሉን ግን ያገኘው በዚህ አይደለም፣ በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው።) ልጁ ይህን የተማረበትን ቀን አያውቅም። እንደተማረም አያውቅም።

ሳናውቀው የምንማረው ነገር ከምናውቀው ሳይበልጥ አይቀርም። አዲስ ሙሽራ አማቷን «እትዬ፣ በርበሬው ስንት ማንኪያ ነው?» ብትል «አይ ልጄ፣ እጄ ነው የሚያውቀው» ትባላለች። አማቲቱ ሙያ መደበቋ አይደለም፤ ልትነግራት ብትፈልግም የምትነግራት ቁጥር የላትም። በ1953 ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታው የአንጎል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከዚያ ወዲያ አዲስ ትዝታ መያዝ አቃተው። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር መስተዋት ውስጥ እያየ የኮከብ ቅርጽ ዙሪያውን እንዲከተል አደረገችው። ከቀን ወደ ቀን እጁ እየሰላ ሄደ። እሱ ግን በየቀኑ «ይህን ሠርቼ አላውቅም» ይል ነበር። የእጅ ትምህርትና የትዝታ ትምህርት በአንጎል ውስጥ ቤታቸው የተለያየ መሆኑ የታወቀው በእንዲህ ያለ ሰው ነው።

ንቃተ ህሊና የሚባለው ታዲያ ለምን ይጠቅማል? ይህ ጥያቄ ዛሬም አላለቀም፤ ምን እንደሚያስገባና ምን እንደሚያስቀር ግን ማየት ይቻላል። በርበሬ የሚፈጭበት ወፍጮ ቤት የገባ እንግዳ ያስነጥሳል፣ ያስላል፤ ሽታው አናቱን ይዞታል። ባለ ወፍጮው ደግሞ ሽታው መኖሩን እንኳ ረስቶ ሒሳብ ይቀበላል። ሁሌም ያለ፣ የማይለወጥ ነገር ወሬ መሆኑ ይቀራል። ጨዋታ የያዘው በላተኛም እንዲሁ ነው፤ ወሬው ሞቅ ባለ ጊዜ ቃጠሎው ይረሳል፣ ጸጥ ሲል «ኧረ ዛሬስ በርበሬው!» ይላል። ነርቩ ያን ሁሉ ጊዜ መልእክቱን አላቋረጠም፤ የሚሰማው ጉዳይ ይዞ ነው።

ነገሩ ጎልቶ የሚወጣው በእንቅልፍ ላይ ነው። ጠዋት ቡና ሲቆላ ቤተሰቡ በቡናው ሽታ የነቃ ይመስለናል፤ ከመቁላያው ኳኳታና ከሰዉ ድምፅ ውጭ ሽታ ብቻውን የተኛን ሰው መቀስቀስ ላይ ደካማ መሆኑን የእንቅልፍ ጥናቶች አሳይተዋል። የሚቆረቁር ነገር ግን ሌላ ነው። በርበሬ ምጣድ ላይ ሲያር ከጓዳ የተኛው ሰው እያሳለ ይነሣል፤ ይህ መልእክት የሚመጣው በማሽተቻ ነርቭ ሳይሆን ፊትንና አፍንጫን በሚያገለግለው የሕመም ነርቭ ነው። ጃፓናውያን ይህን አስበው ዋሳቢ ከሚባለው ሥር የሚቆረቁረውን ንጥረ ነገር በሌሊት የሚረጭ የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ ሠሩ፤ መስማት የተሳናቸውን ተኝተው ሳሉ ቀሰቀሰላቸው። በ2011 «ኢግ ኖቤል» የሚባለውን፣ መጀመሪያ አስቆ ቀጥሎ የሚያሳስብ ሥራ የሚሸለምበትን ሽልማት ወሰዱበት። ንጥረ ነገሩ ሰናፍጭ አፍንጫ ውስጥ ሲገባ የሚያስለቅሰን ያው ነው።

ነርቭ የሌለው ወሬ ግን እንቅልፍ ላይ ሳለን ቀርቶ ነቅተንም አይደርሰንም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ አይቆረቁር። ቡና ተፈልቶበት ቤት ውስጥ የቀረ የከሰል ፍም በሩና መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ይህን ጋዝ ሲለቅቅ ያድራል። የሚያስል በርበሬ ሰውን ከአልጋው ያስነሣል፤ ይህኛው እንቅልፉን ያከብድበታል እንጂ አይቀሰቅሰውም። ከሰሉ ከቤት ውጭ ይደር።