ሰዎች የፖለቲካ አቋማቸውን ስለመቀየራቸው የድምፅ ጋዜጠኞች እንዴት ያውቃሉ?

ከዳላስ-ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳትርቅ የምትገኘው የቴክሳሷ ሳውዝሌክ፣ በነዋሪዎቿ ሀብትና በትምህርት ቤቶቿ ውጤት ትታወቃለች። በአውሮፓውያኑ 2018 ግን ነጭ ተማሪዎች ጥቁሮችን የሚያዋርድ ቃል በኅብረት ሲጮኹ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ።

ብዙዎች ደነገጡ። ዘረኝነትን ከትምህርት ቤቶቹ ለማስወገድ ያለመ ዕቅድም ተዘጋጀ። ዕቅዱ በ2020 ይፋ ሲሆን ግን ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። በቀጣዩ ዓመት በተካሄደው ምርጫ የዕቅዱ ተቃዋሚዎች 70 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝተው የትምህርት ቦርድ መቀመጫዎችን አሸነፉ።

ከተማዋ ሐሳቧን ቀይራ ነው ወይስ ቀድሞ ዝም ያሉት ተናገሩ?

የኤንቢሲ ኒውስ ጋዜጠኞች ማይክ ሂክሰንባውና አንቶኒያ ሂልተን የከተማዋን ክፍፍል በ2021 ‘ሳውዝሌክ’ በተሰኘ ባለ ስድስት ክፍል ፖድካስት ተረኩ። ሥራው በ2022 ለፑሊትዘር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ከሆኑት አንዱ ነበር።

የድምፅ ብልጫው እዚህ ላይ ነው። የምርጫ ውጤት ማን እንዳሸነፈ ይናገራል፤ የተናጋሪው ማመንታት፣ ቁጣና ዝምታ ግን የሚሰማው በቀረጻ ነው።

አኃዝ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። አብዛኛው የሳውዝሌክ ክፍል የሚገኝበት ታራንት ካውንቲ በ2016 ትራምፕን፣ በ2020 በጠባብ ልዩነት ባይደንን፣ በ2024 ደግሞ መልሶ ትራምፕን መርጧል። ይህ ማለት ግን እያንዳንዱ መራጭ አቋሙን ቀያይሯል ማለት አይደለም። አዲስ ነዋሪዎች ይመጣሉ፤ አንዳንዱ አንዴ ይመርጣል፣ ሌላ ጊዜ ይቀራል።

ማራኪ ታሪክም ያሳስታል። ‘ዲስ አሜሪካን ላይፍ’ የተባለው የራዲዮ ፕሮግራም በሚያዝያ 2015፣ በር አንኳኩቶ የሚደረግ አንድ ውይይት የመራጮችን አመለካከት ለረዥም ጊዜ እንደሚለውጥ የሚገልጽ ጥናት አቀረበ። ከአንድ ወር በኋላ ‘ሳይንስ’ መጽሔት መረጃው አያስተማምንም ብሎ ጥናቱን ሰረዘ፤ ፕሮግራሙም ይህንኑ ለአድማጮቹ አሳወቀ።

የጥናቱን ግድፈት ካጋለጡት መካከል ሁለቱ ተመራማሪዎች፣ ዴቪድ ብሩክማንና ጆሹዋ ካላ፣ በ2016 ይፋ ባደረጉት ጥናት ራሳቸው በማያሚ ፈተሹት። ፍርድ የሌለበት የ10 ደቂቃ ያህል ውይይት በአንዳንዶች ዘንድ ጥላቻን እንደሚቀንስ፣ ውጤቱም ቢያንስ ሦስት ወር እንደሚዘልቅ አገኙ።

ለውጥ አለ፤ ግን አዝጋሚና ከፊል ነው። አንድ ሰው “ድሮም እንዲህ ነበር የማስበው” ሲል ጋዜጠኛው ማመሳከሪያ የሚያገኘው ያንኑ ሰው ቀደም ሲል ቀርጾት ከሆነ ነው። ስለዚህ የሥራው ዋና ክፍል ተመልሶ መሄድ፣ ያንኑ ጥያቄ ዳግም መጠየቅና የቀድሞውን ቀረጻ ከነቀኑ ማስቀመጥ ነው።